ቀለሙን ስትመርጡ ጎረቤቱንም ምረጡለት

ልጆቼ፣ የጨርቅ መደብሩ በር ላይ ትንሽ ቁሙ፤ ዘው ብላችሁ አትግቡ። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ ቀለም ነው። ቀዩ ይጠራችኋል፣ ቢጫው ይጠራችኋል፣ አበባ የፈሰሰበት ይጠራችኋል፤ እጅም ዓይንን ተከትሎ ይዘረጋል። የቀደሙት «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ያሉት ገንዘብ ሊነፍጓት ፈልገው አይደለም። ያማራትን ሁሉ ተሸክማ ቤቷ ስትገባ፣ አንዱ ከሌላው አልገጥም ብሏት እንዳታዝን ነው። እዚህ አሜሪካ ከምትኖሩት ልጆቼ መካከል፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ የሚሠራውን ብርድ ልብስ፣ ኩዊልት የሚሉትን፣ መስፋት የጀመራችሁ አላችሁና የዛሬው ምክሬ ለእናንተ ነው።

ሥራው ለእኛ ባዕድ አይደለም። ጋቢ ለብሶ ያደገ ሰው፣ ስስ ሸማ በስስ ሸማ ላይ ሲደረብ ብርድን እንዴት እንደሚመልስ ያውቃል። ኩዊልትም ሦስት ንብርብር ነው፦ ከላይ በቁርጥራጭ የተገጣጠመው ፊቱ፣ ከመሃል ሙቀት የሚይዘው ጥጥ፣ ከሥር ገበሩ። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ከላይ እስከ ታች ዘልቆ የሚያልፈው ስፌት ነው፤ በመጨረሻ ዙሪያው ይቀመቀማል። ሰው የሚያየው ፊቱን ነው። የሚሞቀው ግን በመሃሉ ነው፤ ዕድሜ የሚያገኘው ደግሞ በገበሩና በስፌቱ። ይህን ከመነሻው ልብ በሉ። ብዙ ሰው ሐሳቡንም ገንዘቡንም ፊቱ ላይ ይጨርስና ለቀረው ሥራ ጥድፊያ ብቻ ይተርፈዋል።

ከቀለሙ እንጀምር። ቀለም ብቻውን ሲቆም አንድ ነገር ነው፣ ጎረቤት ሲያገኝ ሌላ ነው። ያው ግራጫ ከጥቁር አጠገብ ሲቀመጥ ይነጣል፤ ከነጭ አጠገብ ሲቀመጥ ይጠቁራል። ያው ቀይ ከአረንጓዴ ጎን ይጮኻል፤ ከቡኒ ጎን ይረጋል። ስለዚህ ጨርቁን አንስታችሁ «ይህ ያምራል ወይ?» አትበሉ። «ከማን ጋር ሊኖር ነው?» በሉ። ጥቅሉን ከመደርደሪያው አውርዳችሁ፣ ጎረቤት ከምታደርጉለት ጨርቅ አጠገብ አጋድሙት። የመደብር መብራት ያታልላልና ሁለቱንም ይዛችሁ ወደ መስኮት፣ ወደ ቀን ብርሃን ጠጋ በሉ። እዚያም ከተስማሙ፣ ያን ጊዜ ይቆረጥላችሁ።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው አንድ ነገር አለ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቁር አረንጓዴና ሐምራዊ ትመርጥና ሦስት ቀለም ይዣለሁ ብላ ትደሰታለች። ሦስቱም እኩል የጠቆሩ ከሆኑ ግን ተሰፍተው ከሩቅ ሲታዩ አንድ ጥቁር ነገር ይሆናሉ፤ ያ ሁሉ የተለፋበት ኮከብ፣ ያ ሁሉ ሦስት ማዕዘን ይሰወራል። ቅርጽን የሚያወጣው የቀለሙ ስም ሳይሆን የብርሃኑና የጥላው ልዩነት ነውና ከነጣው፣ ከመካከለኛውና ከጠቆረው ከሦስቱም ይኑራችሁ። ልዩነቱን ለማየት ጨርቆቹን ወለል ላይ ዘርግታችሁ ወደ ኋላ ራቅ በሉና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ስልካችሁም ያግዛችኋል፤ ፎቶ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ቀለሙ ሲወጣ የቀረው ምስል ቅርጹን ካላሳየ፣ ምርጫው ገና ነው።

የእናቶቻችንን ነጠላ አስቡት። ሰፊው ሜዳ ነጭ ነው፤ ጥለቱ ዳሩን ይዞ ይሄዳል። ሸማኔው ቀለም አጥቶ አልነበረም። ነጩ ለዓይን ማረፊያ ባይተው ኖሮ ጥለቱም ጥለት ሆኖ ባልታየ ነበር። በኩዊልትም እንዲሁ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ዝምተኛ ጨርቅ ያስፈልጋል። ነጭ ብቻ መሆን የለበትም፤ ሐመር ግራጫም፣ የአሸዋ መልክም፣ አንዳንዴ ጥቁር ሰማያዊም ይህን ሥራ ይሠራል። ኃይለኛውን ቀለም፣ በተለይ ቢጫንና ደማቅ ቀይን፣ በትንሹ ስጡት። ቢጫ ጥቂት ሆኖ እንኳ ከሁሉ ቀድሞ ይታያልና በብዛት ሲገባ ሌላውን ያፍናል። ትልቅ አበባ ያለበትን ጨርቅ ከሌላ ትልቅ አበባ ጋር አታጋጩት፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይስማ። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የተባለው ለጠጉር ብቻ አይደለም።

እንዲህ ስላልኩ ግን ቀለም የምትፈሩ አትሁኑ። በአላባማ ግዛት፣ የአላባማ ወንዝ ተጠምዝዞ በሦስት በኩል የከበባት ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች፤ በመንግሥት መዝገብ ስሟ ቦይኪን ነው። ነዋሪዎቿ በጥጥ እርሻው በባርነት የሠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ፔትዌይ የሚባለውን የድሮውን የእርሻ ጌታ ስም ይዘው ይኖራሉ። የዚህች መንደር ሴቶች ኩዊልት የሰፉት ቤታቸው ነፋስ የሚያስገባ፣ ልጆቻቸውም የሚበርዳቸው ስለነበሩ ነው። ጨርቅ የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም። የለበሱት የሥራ ልብስ ሲያልቅ፣ የሱሪው ጉልበት ሲቀደድ፣ የዱቄቱ ጆንያ ባዶ ሲሆን፣ እሱን ቆርጠው ገጣጠሙት። በጂንሱ ላይ ኪሱ ተነሥቶ የቀረው ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን፣ ፀሐይ ያነጣው ትከሻ፣ ተጣጥፎ የኖረው ጠርዝ፣ ሁሉም ለእነሱ ቀለም ሆነላቸው።

ከመካከላቸው ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት ነበረች። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1942 ባሏ ከሞተ በኋላ የሥራ ልብሶቹን ቆርጣ ብርድ ልብስ አደረገችው። ያ ብርድ ልብስ የደበዘዘ ሰማያዊ፣ ግራጫና ነጣ ያለ መደብ ነው፤ ትንሽ ቀይም ይታይበታል። ቀለሙን ከመደብር አልመረጠችውም፤ ሰውየው ሲያርስ፣ ሲያልበው፣ ሲታጠብለት የኖረው ዕድሜ ነው የመረጠላት። የእሷ ድርሻ የትኛው ከየትኛው ጎን እንደሚቆም ማስተዋል ነበር። አስተዋለችም።

ከዚያ በኋላ በዚያች መንደር ብዙ ነገር ሆነ። ሰዎቹ የመምረጥ መብታቸውን በጠየቁበት ዘመን፣ በ1962፣ ወንዙን የሚያሻግራቸው ጀልባ ቆመባቸው፤ አገልግሎቱ የተመለሰው በ2006 ነው። በ1966 በአካባቢው ያሉ ሴቶች ተሰባስበው ኩዊልት እየሰፉ የሚሸጡበት ማኅበር አቋቋሙ። በ1972 ሲርስ ከተባለው ትልቅ መደብር የኮርዶሮይ ትራስ ልብስ እንዲሰፉ ሥራ ሲያገኙ፣ ከመቀሱ ሥር የወደቀውን ቁርጥራጭ ወደ ቤታቸው ወስደው ለራሳቸው ብርድ ልብስ አደረጉት። በ2002 ሥራዎቻቸው በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት አሥሩን መርጦ በቴምብር አወጣቸው። እነዚህን ሴቶች ታላቅ ያደረጋቸው የጨርቅ ብዛት አይደለም። የነበራቸው ጥቂት ነበር፤ ያን ጥቂት ግን በደንብ አዩት። የሚወዱት አሠራር «የቤት ጣሪያ» ይባላል። አንድ አራት ማዕዘን መሃል ላይ ይቀመጥና ዙሪያውን ቀጫጭን ቁራጭ እየከበበው ይሰፋል፣ እንደገናም ሌላ ቁራጭ ይከበዋል። ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ሆኖም አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

እናንተም ጓዳችሁን ፈትሹ። የልጃችሁ የክርስትና ልብስ፣ ያለፈበት የሀበሻ ቀሚስ፣ ዳሩ የተበላ ነጠላ አለ። ከዚህ የሚሠራ ኩዊልት በመደብር አይገኝም። ነገር ግን የእጅ ፈትል ሸማ ልል ነው፤ ሲቆረጥ ይተረተራል፣ ሲታጠብም ይሰበሰባል። መጀመሪያ እጠቡት፤ ሲደርቅ ከጀርባው በካውያ ሙቀት የሚጣበቀውን ስስ ጨርቅ፣ ልብስ ሰፊዎች በኮሌታ ውስጥ የሚያስገቡትን ዓይነት፣ ለጥፉበትና ከዚያ ቁረጡት። ጥለቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ክር ካለ ካውያ በቀጥታ አታሳርፉበት፤ ሊቀልጥ ይችላልና በላዩ ስስ ጥጥ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ተኩሱት።

ልብሱ የሞተ ሰው ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክር አለኝ፤ ይህንን በዝግታ ስሙኝ። ሐዘኑ ትኩስ ሳለ መቀስ አታንሡ። ልብሱ ይታጠፍና ይቀመጥ። እህት ወንድሞችን፣ ልጆቹን ጠይቁ። አንዷ የአባቷን ኮት ሳይቆረጥ ለመያዝ ትፈልግ ይሆናል፤ አንዱ በአባቱ ስም ለነዳያን እንዲሰጥ ተስሎ ይሆናል። መቀስ የነካውን ልብስ ይቅርታ አይመልሰውም። በአንድ ብርድ ልብስ ምክንያት የተቀያየመ ቤተሰብ፣ ብርድ ልብሱ ቢያልቅም ቂሙ አያልቅለትም። ሁሉ ሲስማማ ግን ለእያንዳንዱ የሚሆን ትንሽ ነገር ከአንድ ሸሚዝ ይወጣል።

አሁን ወደ ውሃው ልመልሳችሁ። ቀይ ጨርቅ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ እነዚህ ብዙ ጊዜ ቀለማቸውን የሚለቁ ናቸው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላልና ከመስፋታችሁ በፊት ፈትኑት። ትንሽ ቁራጭ በሙቅ ውሃና በሳሙና ነክራችሁ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አድርጋችሁ ተዉት። ነጩ ቀለም ከያዘ፣ ያ ጨርቅ ውሃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ ይታጠብ፤ እምቢ ካለ ከነጭ ጋር አይሰፋ። የወራት ልፋት አልቆ፣ ብርድ ልብሱ ታጥቦ፣ ነጩ ሁሉ ጽጌረዳ መስሎ ሲወጣ መጮህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። አንዱን አጥባችሁ ሌላውን ሳታጥቡ አትቀላቅሉ፤ አንዱ ተሰብስቦ የጨረሰ፣ ሌላው ገና የሚሰበሰብ ከሆነ ስፌቱ ይጨማደዳል።

ስለ ስፌቱ ረጅም አልናገርም፤ መኪናውን የያዘ እጅ ራሱ ይማራል። አንድ ነገር ብቻ ልበል። የተለመደው የስፌት ዳር ሩብ ኢንች፣ ማለትም ስድስት ሚሊ ሜትር ግድም ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ብታሳልፉ ምንም አይመስላችሁም። ነገር ግን ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚወሰድ በአንድ ስፌት ሁለት ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በአንድ ረድፍ አሥራ ሁለት ስፌት ካለ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ሊጠጋ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው። ጎረቤቱ ረድፍ ልክ ሆኖ ይህኛው ካጠረ ደግሞ ማዕዘኖቹ አይገናኙም። እያንዳንዱን ስፌት ሰፍታችሁ ስትጨርሱ ተኩሱት፤ ካውያውን ጫን አድርጋችሁ አንሱት እንጂ አትጎትቱት፣ ጨርቁ በተለይ በሰያፍ የተቆረጠው ይለጠጣልና። የስፌቱን ዳር ወደ ጠቆረው ጨርቅ አጋድሙት፤ አለዚያ ጥቁሩ በነጣው በኩል ጥላ ሆኖ ይታያል።

ፊቱ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ሰው ልቡ ይቸኩላል። አሁንስ አለቀ ይላል። ልጆቼ፣ አላለቀም፤ እውነተኛው ፈተና ከዚህ ይጀምራል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው እዚህ ቦታ ላይ ለደረሰች ሴት ይመስለኛል። ፊቱን ገልብጡትና በጀርባው በኩል የተንጠለጠለውን ክር ሁሉ እየለቀማችሁ ቁረጡት። ጥቁር ክር በነጭ ጨርቅ ሥር ከቀረ፣ ከተሰፋ በኋላ ከፊት በኩል ጭረት ሆኖ ይታያል፤ ያን ጊዜ ማውጫ የለውም። የላላ ስፌት ካለ አሁን ድገሙት። ከዚያ መላውን ተኩሱት፤ መጀመሪያ ከጀርባው፣ ቀጥሎ ከፊቱ።

ዙሪያውን የምታዞሩለት ሰፊ ዳር ካለ፣ ልኩን ከጠርዙ አትውሰዱ። ጠርዙ በሥራ ብዛት ተለጥጧል፣ ይዋሻል። ሜትሩን በመሃል አሳልፋችሁ ለኩ፣ ሌላ ሁለት ቦታም ለኩና አማካዩን ያዙ፤ ሁለቱን ተቃራኒ ዳሮች እኩል በዚያ ልክ ቁረጡ። ይህን ያላደረገ ሰው ዳሩን እየዘረጋ፣ እንደመጣ ይሰፋዋል፤ ሲጨርስ ዳሩ ይወዛወዛል፣ አልጋ ላይ አይተኛም። በኋላ ማንም ጠቢብ በስፌት ጫና አያስተኛውም።

ገበሩን ከሥር ነው ብላችሁ አትናቁት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ቆዳ የሚነካው እሱ ነውና ለስላሳ ጥጥ ይሁን። ፊቱ በአብዛኛው ነጣ ያለ ከሆነ ገበሩን ጥቁር አታድርጉት፤ መሃሉ ያለው ጥጥ ስስ ከሆነ ጥቁረቱ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለት ጨርቅ ቀጥላችሁ የምትሠሩት ከሆነ፣ በፋብሪካ ጠበቅ ተደርጎ የተሠራውን የጨርቁን ዳር ቆርጣችሁ ጣሉና ቀጥሉት፤ ያ ዳር ሲታጠብ ከሌላው በተለየ ይሰበሰባል። ገበሩም ጥጡም ከፊቱ በአራቱም በኩል አሥር አሥር ሳንቲ ሜትር ይብለጡ። ስትሰፉት ፊቱ ይንሸራተታል፣ ይዘረጋል፤ ትርፉ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው። ጥጡ ከተጠቀለለበት አውጥታችሁ ዘርግታችሁ አሳድሩት፣ እጥፋቱ ይለቅ። በማሸጊያው ላይ የስፌቱ መስመሮች ቢበዛ ስንት ሊራራቁ እንደሚችሉ ተጽፏል፤ አንብቡት። ከዚያ በላይ ተራርቆ የተሰፋ ጥጥ፣ በመታጠብ ብዛት ተንሸራቶ አንድ ጥግ ላይ ይከማቻል።

በእጃችሁ ወይም በቤታችሁ መኪና የምትጨርሱት ከሆነ ገበሩን መልካም ገጹን ወደ ታች አድርጋችሁ ወለል ላይ ወጥሩት፤ አትለጥጡት። ጥጡን፣ ከዚያም ፊቱን አንጥፉና ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር እየሄዳችሁ በመርፌ ቁልፍ ያዙት፣ ወይም በረጃጅም ስፌት ወስውሱት። በመርፌ ቁልፍ ከሆነ በመካከላቸው ከአንድ መዳፍ የበለጠ ክፍተት አትተዉ። ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው፤ ብቻዋን የምትሠራ ሴት ከግማሽ በኋላ መዝለል ትጀምራለች። ስለዚህ ጎረቤት ጥሩ፣ ቡና አፍሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። የዚህ አገር ሴቶችም ከጥንት ጀምሮ በአንድ ወጣሪ እንጨት ዙሪያ ተቀምጠው፣ ተጨዋውተው ሲሰፉ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሎንግአርም የሚሉት ትልቅ የስፌት መኪና ላላት ባለሙያ የምትሰጡ ከሆነ ግን አትወስውሱት፣ ቁልፍም አታድርጉበት። መኪናዋ ሦስቱን ለየብቻ ወጥራ ትይዛለችና ፊቱን፣ ጥጡን፣ ገበሩን ለየብቻ አምጡላት። ተኩሳችሁ፣ በመስቀያ ሰቅላችሁ ውሰዱት፤ አጣጥፋችሁ በከረጢት አታፍኑት። የላዩ ዳር የቱ እንደሆነ ቁራጭ ወረቀት በስፒል አያይዛችሁ ጻፉበት። የክሩን ቀለም ተነጋገሩ፤ ከፊቱ ጋር የሚመሳሰል ክር ስፌቱን ይሸሽጋል፣ የሚቃረን ክር ያወጣዋል፣ ጠማማውንም ጭምር። በዋጋ ደግሞ አትከራከሯት። በ1837 በጆርጂያ በባርነት የተወለደችው ሃሪየት ፓወርስ፣ አዳምንና ሔዋንን፣ የያዕቆብን መሰላል፣ የመጨረሻውን እራት በጨርቅ ቆርጣ የሰፋችበትን ኩዊልት በ1886 አሳየች። ጄኒ ስሚዝ የምትባል የሥዕል መምህርት ልግዛው ብትላት እምቢ አለች። ከዓመታት በኋላ ችግር ሲጠናባት አሥር ዶላር ጠየቀች፤ የተሰጣት አምስት ነው። ዛሬ ያ ኩዊልት በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ሙዚየም ይገኛል፤ እዚያ አካባቢ የምትኖሩም ብዙ ናችሁ። የሰው እጅ ሥራ ዋጋው በተቸገረበት ቀን አይተመን።

እነዚያ ሥዕሎች ምን ምን እንደሆኑ ዛሬ የምናውቀው፣ መምህርቷ የባለቤቲቱን ገለጻ ጽፋ ስላስቀረችው ነው። እናንተም በገበሩ ታችኛ ጥግ ነጣ ያለ ቁራጭ ጨርቅ ስፉና ማን እንደሰፋው፣ ለማን፣ በየትኛው ከተማ፣ በስንት ዓመት ምሕረት፣ ልብሱ የማን እንደነበረ ጻፉበት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሁን፤ የልጅ ልጆቻችሁ በየትኛው እንደሚያነቡ አይታወቅም። ቁራጩን ሦስቱ ንብርብር ከመሰፋቱ በፊት በገበሩ ላይ ካኖራችሁት ስፌቱ አብሮት ያልፍበታል፣ በቀላሉ አይነቀልም። ለጨርቅ የሚሆን፣ በውሃ የማይለቅ ብዕር ተጠቀሙ፤ እሱንም መጀመሪያ በትርፍ ቁራጭ ላይ ጽፋችሁ፣ ተኩሳችሁና አጥባችሁ ሞክሩት።